እንግሊዝኛን በሙያ በኩል ማስተማር፦ ታሪኩና የመሐንዲሶች ድርሻ

አንድ መሐንዲስ በሥራ ላይ ከሚገጥሙት ችግሮች መካከል ቀላል ግምት ሊሰጣቸው የማይገባ የቋንቋ ችግሮች ናቸው። ይህን ስል ከሩቅ የሰማሁትን ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰውን በማስታወስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሕንፃ ሥራ በምቆጣጠርበት ጊዜ፣ የሥራው ዝርዝር መግለጫ የሶሌታው ካሳፎርማ 14 ቀን ሳይሞላው «ስትራይክ» እንዳይደረግ ያዝዝ ነበር። እኔ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው «መምታት» በሚለው ትርጉሙ ብቻ ስለ ነበር፣ «እስከ 14 ቀን ድረስ ካሳፎርማውን በመዶሻ የሚመታ ሰው እንዳይኖር» ስል ለሠራተኞቹ ትእዛዝ አስተላለፍሁ። ካፖውም ትእዛዜን በሚገባ አከበረ። እንጨቱ ለሌላ ክፍል ስለ ተፈለገ፣ በ6ኛው ቀን አንድ መዶሻ እንኳ ሳያሳርፍበት፣ አጣናውንና ሳንቃውን በቀስታ ነቅሎ ወሰደው። በሙያው ቋንቋ ካሳፎርማን «ስትራይክ» ማድረግ ማለት ማንሣት መሆኑን የተረዳሁት፣ ሶሌታው መሐሉ ረግቦ ስንጥቅ ካሳየ በኋላ ነው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም፤ ሶሌታው ግን ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ትምህርት መልካም ውጤት የነበረኝ ሰው ነበርሁ። ስለ ጉዞ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ከተማ ኑሮ የተጻፉ ምንባቦችን አንብቤ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች መልሻለሁ። በምሕንድስናውም በኩል የኮንክሪት ጥንካሬ በ7 እና በ28 ቀን እንደሚለካ፣ ለምን እንደሚለካም ተምሬአለሁ። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተሰጡ፣ አንድም ቀን ሳይገናኙ ቀርተዋል። ስሕተቴ የተወለደው በሁለቱ መካከል በነበረው ክፍት ቦታ ነው።

ይህን ክፍት ቦታ ለመሙላት በየአገሩ ብዙ ተሞክሯል። ቋንቋን ራሱን በቻለ ሰዋስው ሳይሆን፣ ተማሪው በሚያጠናው የሙያ ቁም ነገር በኩል ማስተማር የሚለው አሳብ ዛሬ የራሱ ታሪክና የራሱ መምህራን አሉት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ፣ ከአገራችን የምሕንድስና ትምህርት ጋር የሚገናኝበትን ማመልከት፣ በመጨረሻም የማኅበራችን አባላት ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ አስተያየት ማቅረብ ነው።

የቅኔ ቤት ልምድ

ይህ ዘዴ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አዲስ ፈሊጥ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ይሁን እንጂ አገራችን ከእርሷ አፍ የወጣውን ቋንቋ ለዕለት ንግግር መጠቀም ካቆመች በኋላ፣ ግእዝን ለብዙ መቶ ዓመታት ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈችው በዚሁ መንገድ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ የሚያነበው ለልምምድ ተብሎ የተደረሰ ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ የዮሐንስን ወንጌልና የዳዊትን መዝሙር ነው። ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር ግሥ ያጠናል፣ እርባታውን ይለያል፤ ግን በዚያ ብቻ አይቆምም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለቅኔው የሚሆነውንም ምሥጢር ከመጻሕፍትና ከታሪክ ፈልጎ ያመጣል። መምህሩ ቅኔውን ሲያርም ሰዋስዉንና ምሥጢሩን ለያይቶ አያይም፤ ቃሉ ሲሳሳት ምሥጢሩም እንደሚፈርስ አድርጎ ያሳየዋል። በመጻሕፍት ቤትም ግእዙ ይነበባል፣ ትርጓሜው በአማርኛ ይሰጣል፤ አንድምታ የምንለው የትርጓሜ ሥርዓት በዚህ መልክ ተገንብቷል።

ከዚህ ልምድ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ቋንቋው ከቁም ነገሩ አልተነጠለም። ሁለተኛ፣ ተማሪው ሰሚ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ደራሲ ነበር። ሦስተኛ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደ ጠላት ከትምህርት ቤቱ አልተባረረም፤ ይልቁንም ለማስረዳት አገልግሏል። ትምህርቱ ብዙ ዓመት የሚፈጅና ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ እንደ ነበር ግን መዘንጋት አይገባም። ይህ ድክመት በኋላ በዘመናዊው ትምህርትም ተመልሶ ይመጣል።

ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ

እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ነበሩ፤ ከውጭ ቋንቋዎችም መካከል የበላይነቱን የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፈረንሳይኛ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ከመሆኑም በላይ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ሥራ ይካሄድ የነበረው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ይዞ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ በነበረው ድርሻና በአስተዳደሩ ላይ ባገኘው ተሰሚነት የተነሣ፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ተረከበ። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በሁለቱም እንግሊዝኛ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የትምህርት መስጫም ነበረ።

በዚህ መካከል ማንም ሳያቅደው የተፈጸመ ሌላ የቋንቋ ትምህርት ነበር። ጣሊያኖች አገሩን ለቀው ሲወጡ የግንባታና የጋራዥ ቃላታቸውን ትተው ሄዱ። ካሳፎርማ፣ ሶሌታ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ቤቶኔራ፣ ካፖ የምንላቸው፣ በጋራዥም ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ የሚባሉት ሁሉ የዚያ ቅርስ ናቸው። እነዚህን ቃላት ለግንበኛውና ለመካኒኩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተማረው የለም። ቃሉን የተማረው ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህም እስከ ዛሬ ድረስ ስታፋ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚሳሳት የፌሮ ሠራተኛ አይገኝም፤ «ስትራይክ» በሚለው ቃል የተሳሳተው ግን በዲግሪ የተመረቀው መሐንዲስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት ወሰን ነበረው። ካፖው ከጣሊያንኛ ስሞችን ወሰደ እንጂ ዐረፍተ ነገር አልወሰደም። «ኮንክሪቱ ከተወሰነው በላይ ውኃ ስለ በዛበት፣ ጥንካሬው እስኪረጋገጥ ድረስ ሥራው እንዲቆም ታዟል» የሚል ደብዳቤ በዚያ ቋንቋ መጻፍ አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ለመሐንዲሱ ሊሰጠው የሚገባው ከስም አልፎ ምክንያትን፣ ሁኔታን፣ ንጽጽርንና ማስጠንቀቂያን የሚገልጸውን የቋንቋ ክፍል ነው። ይህ ደግሞ በሥራ ቦታ በመዋል ብቻ አይገኝም።

ባለቤቱ በሌለበት የተሰጠ ቋንቋ

የከፍተኛ ትምህርታችን አጀማመር ለዚህ ጉዳይ የተለየ ትርጉም አለው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር፣ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ያቋቋሙት የካናዳ ኢየሱሳውያን አባቶች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ትምህርቱን የሰጡት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ሲቋቋም ስዊድናውያን መምህራን ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ያስተማሩት ለሁለቱም ወገን ባዕድ በሆነ ቋንቋ ነበር። ከኦክላሆማ አሜሪካውያን ጋር በተደረገ ስምምነት የተመሠረተው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ።

እንግዲህ በአንድ የሕንፃ ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ስዊድናዊው ሲያስረዳ፣ ኢትዮጵያዊው ሲጽፍ፣ የእንግሊዝኛው «ባለቤት» ከክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ቋንቋው ወደ ምሕንድስና ትምህርታችን የመጣው በዋናው እንደ አንድ ሕዝብ አነጋገር ሳይሆን እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ንድፍና እንደ ሠንጠረዥ ቋንቋ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከቁም ነገሩ ጋር አብሮ የመጣ ቋንቋ ነበር።

ታዲያ ሙከራው የተሳካ ነበርን? ለእነዚያ ተማሪዎች በአመዛኙ ተሳክቷል ለማለት ይቻላል። የክፍሉ ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ ብዙዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ መማር የጀመሩትም ከታችኞቹ ክፍሎች አንሥቶ ነው። መምህሩም ራሱ ቋንቋውን በጥረት ያገኘ ሰው በመሆኑ ቀስ ብሎ ያስረዳ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ስኬት የተወሰደው ትምህርት የተሳሳተ ይመስለኛል። ተማሪውን በእንግሊዝኛ ካስተማሩት እንግሊዝኛውን በራሱ ጊዜ ያገኘዋል የሚል እምነት ሥር ሰደደ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ለሕፃናቱ ዕውቀት የሚበጅ እርምጃ መሆኑ አያጠያይቅም። ከዚያ ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ወጣት ግን በእንግሊዝኛ የተማረባቸው ዓመታት ቁጥር አነሰ። ዩኒቨርሲቲው ይህን አይቶ የቀድሞ እምነቱን አልለወጠም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ቋንቋ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ በትምህርቱ በኩል ቋንቋውን ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ሰውን ወንዝ ውስጥ መጣልና ዋና ማስተማር የተለያዩ እንደ ሆኑ ሁሉ፣ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ቢፈጸሙም አንድ አይደሉም።

በውጭ አገር የተደረጉ ሙከራዎች

ይህን ልዩነት በግልጽ ያስተዋሉት በተለያዩ አገሮች የምሕንድስናና የሳይንስ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሄርበርት የተባለ ደራሲ የቴክኒክ እንግሊዝኛን አወቃቀር የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። በቺሊ ኢዌርና ላቶሬ የሳይንስ ጽሑፎችን መርምረው በውስጣቸው ደጋግመው የሚገኙትን የሰዋስው ዓይነቶች በመለየት እ.ኤ.አ. በ1969 የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በሊቢያ፣ በትሪፖሊ የምሕንድስና ፋኩልቲ ያስተምር የነበረው ጆን ስዌልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው የሳይንስ ጽሑፍ መማሪያ የተማሪዎቹን የዕለት ችግር መሠረት ያደረገ ነበር። በኢራን፣ በታብሪዝ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የቤትስና የደድሊ ኤቫንስ ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ «ኒውክሊየስ» በሚል ስም በተከታታይ መጻሕፍት ወጣ። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በሰዋስው ርእሶች ሳይሆን እንደ ቅርጽ፣ ባሕርይ፣ ልኬትና ሂደት ባሉ የሳይንስ ጽንሰ አሳቦች ቅደም ተከተል ነው።

ለእኛ በይበልጥ የሚቀርበው የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ወደ ዐረብኛ ስትመልስ፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግን በእንግሊዝኛ ማስተማሩን ቀጠለ። በዚህም የተነሣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ገደል ተፈጠረ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ቀድሞው መቀጠል እንደማይችል ተረድቶ የእንግሊዝኛ አገልግሎት ክፍል አቋቋመ፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዌልስ ይህን ክፍል ከመሩት አንዱ ነበር። የክፍሉ ሥራ ለየፋኩልቲው የሚስማማ ትምህርት ማዘጋጀት ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1990 ዩኒቨርሲቲዎቿንም ወደ ዐረብኛ እስክታዞር ድረስ ይህ ልምድ ቆይቷል።

በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ቲም ጆንስና ቶኒ ደድሊ ኤቫንስ ሌላ እርምጃ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ የትራንስፖርትና የዕፀዋት ባዮሎጂ የሚያጠኑ የውጭ አገር ተማሪዎችን የቋንቋ መምህሩና የሙያው መምህር በአንድነት ያስተምሯቸው ነበር። የሙያው መምህር የሰጠው ሌክቸር በቴፕ ይቀዳል፤ የቋንቋው መምህር አዳምጦ ጥያቄ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ሁለቱ መምህራን ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ምን እንደ ገባቸውና ምን እንዳልገባቸው ይመረምራሉ። ከዚህ የተጠቀመው ተማሪው ብቻ አልነበረም። የሙያው መምህር ሌክቸሩ ምን ያህሉ እንደ ደረሰ ለማወቅ ዕድል ያገኛል፤ የቋንቋው መምህርም ጉዳዩን ባለማወቁ አያፍርም፤ ባለ ሙያው ከጎኑ አለና።

በካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በሞንትሪያል አጠገብ በሴንት ላምበርት፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆች ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ ተደረገ። ይህ አሳብ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1982 በኦታዋ ነው። በዚያ ተማሪዎች የሥነ ልቡናን መግቢያ ትምህርት በሁለተኛ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደረግ፣ የቋንቋ መምህር በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ ለዕለቱ ትምህርት ያዘጋጃቸው ነበር። የተገኘው ውጤት ትኩረትን ይስባል፤ ተማሪዎቹ ሥነ ልቡናውን በራሳቸው ቋንቋ ከተማሩት ባላነሰ አወቁ፤ በቋንቋም የተለየ የቋንቋ ኮርስ ከወሰዱት ጋር የሚመጣጠን መሻሻል አሳዩ። ይሁን እንጂ እነዚህ ተማሪዎች ወደ ክፍሉ የገቡት መጠነኛ የቋንቋ ችሎታ አስቀድመው ይዘው ነው። ይህን ሁኔታ ትቶ ውጤቱን ብቻ ወደ አገራችን ማምጣት ስሕተት ይሆናል።

የሞስኮና የላይፕዚክ የዝግጅት ዓመት

ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ባልደረቦቻችን ይህን ዘዴ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። በተለይ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሞስኮ የተመሠረተው፣ በኋላም በፓትሪስ ሉሙምባ ስም የተጠራው ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ የሶቪየት ተቋሞች ሁሉ ለውጭ አገር ተማሪዎች የዝግጅት ፋኩልቲ ነበረው። አንድ የምሕንድስና ተማሪ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሩሲያኛ ብቻ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በቀላል ሩሲያኛ ይጨመሩለታል። ተማሪው እኩልታውን ከአገሩ ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆንበት አነባበቡ ነው። የታወቀው ቁም ነገር ያልታወቀውን ቋንቋ ተሸክሞ ያሻግረዋል ማለት ነው። በላይፕዚክ የነበረው የሄርደር ኢንስቲትዩትም በጀርመንኛ በኩል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጥ ነበር።

ይህን ከእኛ ጋር ብናነጻጽረው አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ሩሲያኛ ፊደሉን እንኳ ሳያውቅ የሄደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ለሙያው የሚሆን ቋንቋ በእቅድና በዝግጅት ተሰጥቶት፣ በቋንቋው ተምሮ መሐንዲስ ሆኖ ተመልሷል። በአገሩ የቀረው ጓደኛው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ በመሆኑ ብቻ ዝግጅት እንደማያስፈልገው ተቆጥሮ፣ ባልገባው ቋንቋ ቀመር እየሸመደደ አልፏል። ያልጀመረውን ሰው ማዘጋጀት እንዳለብን እናውቃለን፤ የጀመረውን ግን እንደ ጨረሰ እንቆጥረዋለን።

የተማሪው ቁጥር ሲበዛ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋዎች፣ ሁለተኛና ከፍተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የፍሬሽማን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዝግጅቱ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ተዛወረ። በዚያው ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» ብሎ በሚጠራው፣ በእንግሊዝኛ መሰራጨት ጀመረ። ይህ ጸሐፊም ከፕላዝማው ፊት ከተቀመጡት አንዱ ነው። የፊዚክሱ ሥዕላዊ መግለጫ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ራሱ ሲሰጥ፣ መምህራችን መሐል ገብቶ ለማስረዳት ፋታ አያገኝም። ቁም ነገርና ቋንቋ በአንድነት ቀርበው ነበር፤ የጎደለው የሁለቱን መገናኛ የሚያበጅ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ አንሥቶ ከአዲስ ገቢዎች 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ሲታቀድ፣ የምሕንድስና ክፍሎች ሞሉ። በየዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፍሬሽማኑ ዓመት ተመልሷል። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት የሆነ አጠቃላይ የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ወደ ሕክምናም፣ ወደ ሕግም፣ ወደ ምሕንድስናም የሚሄደውን በእኩል ሊያረካ አይችልም።

ምን ሊደረግ ይገባል?

«እንዲህ ከመድከም ትምህርቱን በአገር ቋንቋ ብናደርገው አይሻልምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የአማርኛ ቃላት ለመሰየም የተደረገው ጥረትም ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም የማሌዥያን ልምድ ማስታወስ ይጠቅማል። የማላያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ወደ ማላይኛ ሲያዛውር፣ ተማሪዎቹ መጻሕፍትን ለማንበብ እንግሊዝኛ ማስፈለጉ ስላልቀረ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የንባብ ችሎታን ብቻ የሚመለከት ልዩ ትምህርት ተዘጋጅቶላቸዋል። የማስተማሪያው ቋንቋ ቢለወጥም የሙያው ቋንቋ ጉዳይ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ውሳኔው ምንም ቢሆን፣ ዛሬ በክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ዛሬ መማር አለበት።

ዘዴው በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የኮንክሪት ስላምፕ ሙከራን ሁላችንም እናውቃለን። ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው አፉ 200፣ የላይኛው 100 ሚሊ ሜትር የሆነው ቅርጽ በሦስት ድርብ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ድርብ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ቅርጹ ሲነሣ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደ ወረደ ይለካል። ተማሪው ይህን ሲሠራ በእጁ የሚነበበው መመሪያ በትእዛዝ አንቀጽ የተጻፈ ነው፤ «ሙላ»፣ «ውጋ»፣ «አንሣ» ይላል። በማግሥቱ የሚያቀርበው ዘገባ «ተሞላ»፣ «ተወጋ»፣ «ተነሣ» ወደሚል ተደራጊ አንቀጽ መለወጥ አለበት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ውጤቱ ከተፈቀደው በላይ ስለ ሆነ ኮንክሪቱ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል የፍርድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ትእዛዝ፣ ዘገባና ፍርድ በአንድ ባልዲ ኮንክሪት ተማረ ማለት ነው። እነዚህን ቅርጾች ስለ ሽርሽር በተጻፈ ምንባብ ከሚማራቸው ይልቅ በዚህ ቢማራቸው አይረሳቸውም።

እንዲሁም ባለ ሁለት ትርጉም ቃላትን ለይቶ ማስተማር ያስፈልጋል። «ሞመንት» ለተራው ሰው ቅጽበት ነው፤ ለእኛ ኃይል በርቀት ሲባዛ ነው። «ኪዩር» መፈወስ ነው፤ ለኮንክሪት ግን እርጥበቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። «ዪልድ» ምርት መስጠት ነው፤ ለብረት ግን የመለጠጥ ወሰኑን አልፎ እጅ መስጠት ነው። «ብሊዲንግ» መድማት ነው፤ ለኮንክሪት ግን ውኃው ወደ ላይ መውጣቱ ነው። አደገኞቹ ተማሪው ጨርሶ የማያውቃቸው ቃላት አይደሉም፤ እነዚያን መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልጋቸዋል። አደገኞቹ የሚያውቃቸው የሚመስሉት ናቸው። በውል ሰነድም «ሻል» ግዴታን፣ «ሜይ» ፈቃድን እንደሚያመለክቱ ሳይለይ የሚፈርም መሐንዲስ የራሱን ብቻ ሳይሆን የአሠሪውንም ገንዘብ ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህን ሁሉ የቋንቋ መምህሩ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። የስነ ጽሑፍ ምሩቅ የሆነ መምህር ካሳፎርማ መቼ እንደሚነሣ ባያውቅ አይፈረድበትም። የምሕንድስና መምህሩ ደግሞ «የእኔ ሥራ ቋንቋ ማረም አይደለም» ብሎ በዘገባው ላይ ቁጥሩን ብቻ እያየ ሲያልፍ፣ ተማሪው ዐረፍተ ነገር ዋጋ የሌለው ነገር መሆኑን ይማራል። የቅኔው መምህር ሰዋስዉንና ምሥጢሩን አብሮ እንዳረመ ሁሉ፣ ከላቦራቶሪ ዘገባ ላይ ቁጥሩና ዐረፍተ ነገሩ አብረው ሊታረሙ ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛው፣ አባሎቻችን በእጃቸው ከሚገኙት የሥራ ዝርዝር መግለጫዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የሙከራ ዘገባዎችና የክፍያ ደብዳቤዎች መካከል የባለቤቶቹ ስም የወጣላቸውን ቅጂዎች ለቋንቋ መምህራን እንዲያበረክቱ ነው። መምህሩ ከእነዚህ የተሻለ የመማሪያ ጽሑፍ ሊያገኝ አይችልም። ሁለተኛው፣ በየከተማው የምንገኝ አባላት በመንፈቅ አንድ ቀን በአቅራቢያችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ከቋንቋ መምህሩ ጎን ቆመን፣ እንደ በርሚንግሃሙ ሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን እንድናስተምር ነው። ሦስተኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ከጣሊያንኛ የወረስነው የሥራ ቦታ ቃልና አማርኛው ጎን ለጎን የተቀመጡበት አነስተኛ የቃላት መጽሐፍ ማኅበሩ እንዲያዘጋጅ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ከቢሮ በእንግሊዝኛ የተቀበለውን ለካፖው በካፖው ቋንቋ ማድረስ አለበትና።

የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የሚጠየቀው ጊዜና ፈቃድ ነው። እኔ በበኩሌ በፈረሰው ሶሌታ ምክንያት የተጻፈውን ያን የሥራ መግለጫ ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ለማኅበሩ የመጀመሪያው የመማሪያ ጽሑፍ ይሆን ዘንድ እርሱን አበረክታለሁ።